ዋስ ጠርቶ መሄድ

ወዳጄ በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ወር በገባ ቁጥር ከደመወዙ የሚነሳ ገንዘብ አለ፤ ግብር አይደለም፣ ጡረታም አይደለም፣ የዕቁብ ጣጣም የለበትም። ከዓመታት በፊት ለሦስተኛ ዲግሪ ውጭ አገር ለሄደ የትምህርት ክፍል ባልደረባው በዋስነት ፈርሞ ነበር። ሰውዬው አልተመለሰም። ወዳጄ ስሙን ሲያነሳ ክፉ ቃል አይወጣውም፤ እንዲያውም ቢሆንለት እሱም እንደማይመለስ ሳይደብቅ ይናገራል። የሚያንገበግበው ሌላ ነው። የሰውዬውን ዕዳ እየከፈለ፣ የሰውዬውንም ኮርስ የሚያስተምረው እሱ ነው።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን መምህር ለማቆየት ከያዙት መሣሪያ ሁሉ እንደ ዋስ የሚተማመኑበት የለም። ለትምህርት የሚሄደው መምህር ደመወዙ እየተከፈለው ይማራል። በምላሹ ሲጨርስ ተመልሶ ውሉ የሚለውን ያህል ዓመት ሊያገለግል፣ ካልተመለሰ ደግሞ የተከፈለውንና የወጣበትን ሊመልስ ይፈርማል። ከዚያ ዋስ ጥራ ይባላል። ዋሱ ከሚሠራበት መሥሪያ ቤት የደመወዙን መጠን የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፎ፣ ማህተም አስመትቶ ያመጣል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1922 ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ ገንዘብ በውሉ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም ይላል። ከመፈረሙ በፊት ይህን ያነበበ ዋስ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። የሚፈረመው በይሉኝታ ነው። ቢሮ የሚጋራ፣ አብሮ ቡና የሚጠጣ ሰው ቅጽ ይዞ ሲመጣ እንዴት እምቢ ይባላል?

ከዚያ በኋላ ያለውን ጋዜጣ ላይ እናነባለን። «ለትምህርት ሄደው በወቅቱ ወደ ሥራ ገበታቸው ያልተመለሱ» ይልና ስም ከእነአባት ይደረድራል፤ በተወሰነ ቀን ውስጥ ቀርበው ሪፖርት ካላደረጉ በሕግ አግባብ እንደሚኬድ ያስጠነቅቃል። የተጠሩት ሰዎች ያሉት ጋዜጣው በማይደርስበት አገር ነው። ማስታወቂያው በተግባር የሚጠራው ዋሱን ነው።

ለምን ይሄዳሉ ሲባል መልሱ ከደመወዝ ይጀምራል፤ መጀመሩም ተገቢ ነው። በኅዳር 2015 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራን በበርካታ ግቢዎች ማስተማር ያቆሙት በዚሁ ጥያቄ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር ለገበያ ተለቀቀ። በ57 ብር ግድም ይመነዘር የነበረው ዶላር ዓመት ሳይሞላው 120 ብር ተሻገረ። ወር በገባ 12 ሺህ ብር የሚቆጥር ሰው በዶላር ሲሰላ ከ210 ወደ 100 ወረደ ማለት ነው። የ2017ቱ የደመወዝ ማሻሻያ ዝቅተኛውን ተከፋይ ከ1,100 ብር ወደ 4,760 ከፍ አድርጓል፤ መሰላሉ ላይ ከፍ ብለው ለቆሙት ግን የደረሳቸው ጥቂት ነው። መምህሩ ስለ ስደት ባያስብ እንኳ የቤት አከራዩ ያሳስበዋል።

በደመወዝ ብቻ ካቆምን ግን ነገሩን አልጨረስነውም። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። ሕንፃ በኮንትራክተር ይቆማል፣ መምህር ግን በጨረታ አይገኝም። ስለዚህ ከሕንድ ብዙ መምህራን በዶላር ክፍያ መጡ፤ ጥሩ ውጤት ያመጣ ተመራቂም ገና ጋዋኑን ሳያወልቅ ረዳት ምሩቅ ሆኖ ተቀጠረ። ለዚህ ወጣት አዲሱ ዩኒቨርሲቲ የአውቶቡስ ፌርማታ ነው፤ ሁለተኛ ዲግሪው እስኪደርስ ይቆምበታል። ሚስቱ ሌላ ከተማ ትሠራለች፤ ዝውውር ሲጠይቅ ቦታ የሚለዋወጠው ሰው አምጣ ይባላል። ተለዋዋጭ ፍለጋ በቴሌግራም ላይ የሚወጣውን ልመና ያየ ሰው፣ ስለ መምህራን ቁርጠኝነት የሚደረገውን ስብሰባ በትዕግሥት መከታተል ይከብደዋል።

እኔን ከሄዱት ይልቅ የሚያሳስቡኝ ሳይሄዱ የሄዱት ናቸው። ስማቸው ደመወዝ መክፈያው ላይ አለ፣ ክፍልም ይገባሉ። ስላይዱ ግን የዛሬ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሐሙስ ማታ አዲስ አበባ ተሳፍረው ቅዳሜና እሑድ በግል ኮሌጅ ያስተምራሉ፣ ሰኞ ከሰዓት ይመለሳሉ። ልፍረድባቸው ብል አፌን ይይዘኛል፤ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በቅዳሜው ገንዘብ ነው። ሪፖርት ላይ ግን እነዚህ «የቆዩ» ተብለው ይቆጠራሉ።

መምህርን የሚይዘው ምን እንደሆነ ባስብ ዶክተር አክሊሉ ለማ ትዝ ይለኛል። በ1964 እንደ ፈረንጆቹ፣ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አየ። ቀንድ አውጣዋ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ናት። ከዚያች ወንዝ ዳር የተነሳው ምርምር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት አስቆመ፤ በ1989፣ አሁንም እንደ ፈረንጆቹ፣ ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት አስገኘ። እንዶድ እዚህ ነው፣ ወንዙም እዚህ ነው፣ ጥያቄውም የዚህ አገር ነው። እንዲህ ያለ ሥራ የያዘውን ሰው ለማቆየት ማህተም ያለበት ደብዳቤ አይፈለግም። እሱም ቢሆን በኋላ አገር ለቆ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሠርቷል።

ደግሞ ዩኒቨርሲቲ መምህሩን የሚገፋበት ጊዜም እንደነበረ አይረሳም። በ1985 ከ40 በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በደብዳቤ ተሰናበቱ፤ ቀዶ ሐኪሙ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ አንዱ ነበሩ። ያኔ ማንም ዋስ አልተጠራም። በ2015 የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ወጥቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ሆኗል፤ መምህሩን በራሱ መንገድ ቀጥሮ በራሱ መንገድ የመክፈል ነፃነት የሚመጣው በዚህ በኩል ነው። የጂንካና የቀብሪ ደሃር መምህር ተራ ግን ገና ነው።

ባለፈው ወር አንድ ረዳት ምሩቅ ቅጹን ይዞ ወደ ወዳጄ መጣ። ወዳጄ ደመወዙ በሌላ ዋስትና የተያዘ ስለሆነ የሰው ሀብት ቢሮው እንደማይቀበለው ነገረው። ልጁ አመስግኖ ሊወጣ ሲል ግን አስቀመጠው፣ ኮምፒውተሩን ከፈተ፣ ለውጭው ዩኒቨርሲቲ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈለት። ልጁ ጎበዝ ነው፤ አንድም ቃል አልጨመርኩበትም አለኝ።