የቀላ ፍምና የተዘጋ በር

ጅግጅጋን በስም ብቻ የሚያውቃት ሰው ቆላ ትመስለዋለች። ከተማዋ ያለችው ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር የሌሊቱ ብርድ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ሻዩ ተጠጥቶ፣ እራቱ ተበልቶ ሲያበቃ የተረፈው ፍም ከነምድጃው ወደ መኝታ ክፍል የሚገባው ያኔ ነው። «ቀልቷል እኮ፤ ጭሱ አልቋል» ይባላል። በሩ ይዘጋል፤ ከሥሩም ጨርቅ ይወተፋል።

ስለ ምድጃና ድስት ከሚወራው ሁሉ ቤተሰብ በአንድ ሌሊት የሚጨርሰው ይህ እምነት ነው።

ነገሩ ጨርሶ መሠረት የለውም አልልም። ጭስ ዓይን ያቃጥላል፣ ሳንባ ይጎዳል፤ ከሰሉን ደጅ አራግቦ እስኪቀላ መጠበቅም ተገቢ ነው። ጥፋቱ ጭሱ ሲያልቅ መርዙም አለቀ ማለት ላይ ነው። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ዓይን አይቆጠቁጥ። የቀላው ፍም ይህን ጋዝ በብዛት ያወጣል፤ አመድ ለብሶም ቢሆን ሙቀት እስካለው ድረስ ማውጣቱን አይተውም። በደማችን ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ደግሞ ከኦክስጅን ይልቅ ከዚህ ጋዝ ጋር ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ይጣበቃል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ቀጥሎ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ይመጣል። ነቅቶ ያለ ሰው «ምግቡ ነው» ይላል፤ የተኛው ምንም ሳይሰማው ያልፋል። አንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው አስቀድሞ ምድጃው ይጠርጠር።

በጣም የሚያንገበግበኝ የአራስ ቤት ነው። ደገኛው ብርድና ምች ፈርቶ፣ ሶማሌው በአርባው ቀን ውስጥ በዳብቃድ (በዕጣን ማጨሻ) ኡንሲ የሚባለውን ዕጣንና ከርቤ እያጨሰ፣ እናትና ጨቅላ ያሉበትን ክፍል ይዘጋሉ። ዕጣኑን የሚነቅፍ ልብ የለኝም። ነገር ግን በዳብቃዱ ውስጥ ያለውም ያው ፍም ነው። መስኮት ተከፍቶ ይጨስ፤ ሲያበቃም ዳብቃዱ ከክፍሉ ይውጣ።

«አያቶቻችን እንዲህ ኖረው የለም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። ኖረዋል፤ በሣር ክዳን ጎጆና አቃል በሚባለው በሰሌን በተሸፈነ የሶማሌ ጎጆ ውስጥ። ያ ቤት በየቀዳዳው ይተነፍስ ነበር። የዛሬው ብሎኬት፣ ኮርኒስና የብረት በር አየር አያሳልፍም። መስኮት ምን ያህል ይከፈት ለሚለው፣ ለሁሉም ክፍል የሚሆን አንድ ልክ የለም፤ ስለዚህ ፍም ባለበት ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አለመተኛት ይሻላል።

ማርከሻ ተብሎ የሚነገረው ደግሞ ትዕግሥቴን ያስጨርሰኛል። ውሃ በሳህን ማስቀመጥ አይረዳም፤ ጋዙ በውሃ እምብዛም አይሟሟም። ወተትም አያረክሰውም፤ የገባው በሳንባ እንጂ በሆድ አይደለም። ራሱን በሳተ ሰው አፍ ወተት የሚያፈስ ሰው ሊያንቀው ይችላል። ይህን ምክር ሳያጣሩ ለሰፈሩ የሚያድሉ ሰዎች ውድ ደቂቃ ያባክናሉ። በሽተኛው ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፤ ከዚያ ወደ ሆስፒታል፣ ጅግጅጋ ከሆነ ወደ ካራማራ ወይም ወደ ሼክ ሐሰን ያባሬ ይወሰድ። በተራ አየር ጋዙ በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ በጭምብል በሚሰጥ ኦክስጅን ግን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃዋል።

ከፍሙ ወጥተን ወደ ሌሎቹ የምድጃ ወሬዎች ስንመጣ፣ «የአልኮል ምድጃ ሁሉ ይፈነዳል» የሚለው ወሬ ሐሰት መሆኑን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጋያ ማኅበር ከተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ጋር በቀብሪበያህ መጠለያ ያከፋፈለው ምድጃ በኤታኖል ይሠራል፤ ነዳጁ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ የሚወጣ ነበር። ማኅበሩ በዚሁ ሥራ በ2008 እ.ኤ.አ. የአሽደን ሽልማት አግኝቷል። ነዳጁ በቆርቆሮው ውስጥ ባለ ቃጫ መሰል ነገር ተመጥጦ ስለሚቀመጥ አይደፋም፤ ግፊትም የለውም። እሱም ቢሆን በተዘጋ ክፍል አይንደድ።

«እሳቱ በበረታ ቁጥር ሻዩ የበለጠ ይሞቃል» የሚሉም አሉ። በጅግጅጋ ከፍታ ውሃ በ95 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከፈላ በኋላ የሚጨመር ከሰል የሚያተርፈው እንፋሎት ብቻ ነው።

ከምድጃው ወደ ድስቱ ስናልፍ፣ የአሉሚኒየም ድስት ውስጡ ጠቆረ ተብሎ በአሸዋ አይፈገፈግ፤ ያ ሽፋን ብረቱን ይጠብቀዋል። ሥጋት ያለው ከመኪና ዕቃና ከውዳቂ ብረት ቀልጦ በተሠራው ድስት ላይ ነው። ካሜሩንን ጨምሮ በበርካታ አገሮች በተሠሩ እንዲህ ያሉ ድስቶች ላይ በተደረገ ምርመራ እርሳስ ወደ ምግብ ሲወጣ ታይቷል። ቲማቲም ያለበት ወጥና ሎሚ የገባበት ሻይ በዚያ ድስት አይሠራ፤ ጠላም አይደር።