የአያት መቀነትና የኮምቦልቻ ስፌት

ከኢድ ወይም ከመስቀል በፊት ባሉት ቀናት ደሴ አራዳ የልጆች ልብስ ሱቅ ጎራ ላለ ሰው፣ ትልቋ ደንበኛ አያት ናት። ልጁን ይዛ ካልመጣች ቁመቱን በክር ለክታ፣ ቋጥራ መጥታለች። ክሩ ሱሪው ላይ ይዘረጋል፤ «አንድ ቁጥር ከፍ አድርግልኝ ልጄ፣ ያድግበታል» ይከተላል። ነጋዴው «እማማ፣ ይኼ የቱርክ ነው፣ ታጥቦ አይለቅም» ይላል። ለራሷ ነጠላ ስትገዛ ሱቅ ለሱቅ ዞራ የምትከራከር ሴት እዚህ ቶሎ እጅ ትሰጣለች። የሦስት ዓመት ሕፃን ስለ ጨርቁ ጥራት ምን ገዶት! ደስታው የአያቲቱ ነው፤ የምትከፍለውም ለእሱ ነው። ዋጋ ሲንር ፍላጎቷ እምብዛም የማይቀንስ ገዢ ማለት እንዲህ ያለችው ናት፤ ነጋዴም ይህን አይስተውም።

«ክንድ ለማትሞላ ጨርቅ ይህን ያህል?» የሚለው ቅሬታ ግን ሁሌም ነጋዴውን አያስወቅስም። ትንሽ ጃኬት ጨርቁ ያንሳል እንጂ ዚፑ፣ ኪሱ፣ ኮሌታውና የሰፊው ድካም አያንስም። ቀረጡም አለ። ከውጭ በሚገባ ልብስ ላይ 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ፣ በድምሩ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በዚያም ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ ይነባበራል። በ100 ብር ወደብ የደረሰ ልብስ፣ ሌላውን ክፍያ ሳንቆጥር፣ ጉምሩክን ሲያልፍ 171 ብር ይጠጋል። የመጓጓዣው፣ የሱቅ ኪራዩና የነጋዴው ትርፍ ገና አልተነሣም። ሳልባጅ ለንግድ ማስገባት ክልክል ሆኖ ሳለ ገበያ የማያጣውም ለዚህ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? በወሎ ብዙ አያቶች ልጆቻቸው ሳዑዲና ሌሎች የአረብ አገሮች ሠርተው በሚልኩት ገንዘብ የልጅ ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲወሰን ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ110 ብር አለፈ። ሪያል ከዶላር ጋር በ3.75 የታሰረ በመሆኑ፣ በባንክ የተላከ 1,000 ሪያል ከ15,200 ብር ወደ 29,000 ብር ግድም አደገ። በጥቁር ገበያ ሐዋላ ሲቀበሉ ለኖሩት ግን ለውጡ ይህን ያህል አይደለም፤ እነሱ ቀድሞውንም የባንኩን እጥፍ ገደማ ያገኙ ነበር። የሱቁም ዋጋ ከጥቁር ገበያው ጋር ሲራመድ የቆየ ነው።

የጡረተኛው አያት ነገር ነው የከፋው። ጡረታው የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት የሥራ ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ከዓመታት በፊት የተሰናበተ መምህር በያኔው ብር ተሰልቶለት፣ ሪያል ከሚላክላት ጎረቤቱ ጋር አንድ ባንኮኒ ላይ ይቆማል። ለሁለቱም የተጠራው ዋጋ አንድ ነው። እሱ ካልሲ ገዝቶ ይወጣል።

ከዚህ ሱቅ ቁልቁል፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ኮምቦልቻ አለ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2009 ሲመረቅ የታለመው ለውጭ ገበያ ነበር። በ2014 መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት የከተማዋን ፋብሪካዎች አዘረፈ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ደግሞ አሜሪካ ለኢትዮጵያ የሰጠችውን የአጎዋ ከቀረጥ ነፃ ዕድል አነሣች። ለሩቅ ገበያ ብቻ መስፋት ምን ያህል እንደሚያጋልጥ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። የልጅ ልብስ በአንጻሩ ገዢው ቅርብ ነው፣ ወቅቱ የታወቀ ነው፣ ልጁም በየዓመቱ ስለሚያድግ ፍላጎቱ አይነጥፍም። እርግጥ ጨርቁም ዚፑም ከውጭ ከመጣ ዶላሩ ተከትሎ ይመጣል፤ ቢሆንም በተሰፋ ልብስ ላይ የሚነባበረው ቀረጥ ይቀራል፣ የስፌቱም ዋጋ እዚሁ ይቀራል።

የደሴ ጅምላ ነጋዴዎች፣ እስቲ ለሚቀጥለው በዓል ትእዛዛችሁን ተባብራችሁ ለኮምቦልቻ ሰፊዎች ስጡ፤ ከሁለት እስከ ስምንት ዓመት ላለው ልጅ የሚሆን ሱሪና ጃኬት ይበቃል ለመጀመሪያ። ወገቡ ላይ ግን ማስፊያ ተዉለት፤ አያቶች ያለ እሱ አይገዙም።