ተከታትለው የሚበሩ የኋላ መብራቶች በአሮጌ ሙስታንግ ላይ እንዴት ይገጠማሉ?

በአገራችን ሾፌሩም መካኒኩም የመኪናን መታጠፊያ መብራት «ፍሬቻ» ይለዋል። ቃሉ የጣሊያንኛ ነው፤ ትርጉሙም ቀስት ማለት ነው። ነገር ግን በየመንገዱ የምናየው ፍሬቻ አብዛኛው ባለበት ቆሞ ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ እንደ ቀስት ወደ አንድ ወገን ሲሄድ አይታይም። ስሙን በእውነት የሚገባው፣ ከመኪናው መካከል ተነሥቶ ወደ ዳር አንዱ መብራት ካንዱ በኋላ እየተከተለ የሚበራው ዓይነት ነው። ስለዚሁ ዓይነት መብራት አሠራርና፣ ይህ ሳይኖራት በተሠራች አሮጌ መኪና ላይ እንዴት እንደሚገጠም የተረዳሁትን ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

ይህን መብራት በአሜሪካ በገበያ ያዋለው የፎርድ ኩባንያ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1965 በወጣው ተንደርበርድ ላይ በእያንዳንዱ ወገን ሦስት ሦስት አምፖሎች ተደረጉ። በዚያ ዘመን ተራውን የሚጠብቅላቸው አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነበረች። ሞተሯ ስትዞር በዘንጓ ላይ ያሉት ጉብታዎች ሦስት ማብሪያዎችን በየተራ ይጫኑ ነበር። መቼም የሚሽከረከር ነገር ማለቁ አይቀርምና፣ ዛሬ እነዚህን መኪናዎች የሚጠግኑ ሰዎች ሞተሯን ማውጣትና በኤሌክትሮኒክ መተካት የተለመደ ሥራቸው ሆኗል። በ1967 መርኩሪ ኩጋር ይህንኑ መብራት ያዘ፤ በ1968 ደግሞ ሼልቢ የተባለው ፈጣን ሙስታንግ የተንደርበርዱን የኋላ መብራት ተውሶ ወጣ።

ተራው ሙስታንግ ግን በዚያ ጊዜ አላገኘውም። በሚያዝያ 1964 ለሕዝብ የታየችውና በ1965 እና በ1966 የተሠራችው ሙስታንግ የኋላ መብራቷ በሦስት ቁም ክፍሎች የተከፈለ ይመስላል። የሚያስደንቀው ነገር፣ ከሦስቱ ክፍሎች ኋላ ያለው አምፖል አንድ ብቻ መሆኑ ነው። መልኩ ተከታትሎ ለመብራት የተዘጋጀ፣ ውስጡ ግን ያልተዘጋጀ ስለሆነ፣ የመኪናዋ ወዳጆች ይህን ሥራ አዘውትረው ይሠሩታል።

አሁን ወደ ሽቦው እንሂድ። አምፖሉ በቁጥር 1157 የሚታወቅ ሲሆን በውስጡ ሁለት ክሮች አሉት። ትንሹ 8 ዋት ያህል ሲሆን ለማታ መብራት ነው። ትልቁ 27 ዋት ያህል ሆኖ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ፍሬን ሲረገጥም ፍሬቻ ሲበራም የሚበራው እርሱ ነው። ከፍሬን የሚመጣው ኤሌክትሪክ በመጀመሪያ ወደ መሪው ግንድ ይወጣል፤ በዚያ ያለው የፍሬቻ ማብሪያ ለቀኝና ለግራ ያከፋፍለዋል። ሾፌሩ ወደ ግራ ምልክት ሲያሳይ፣ የግራው ሽቦ ከፍሬኑ ይለያይና ብልጭ ድርግም ከሚያደርገው ፍላሸር ጋር ይገናኛል። ስለዚህ ወደ ኋላ የሚሄደው ሽቦ አንድ ነው፤ የሚያመጣው ወሬ ግን ሁለት ነው።

የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ ይኸው ነው። አዲሱ መሣሪያ ኤሌክትሪክ በደረሰው ጊዜ «ፍሬን ተረገጠ» ወይስ «መኪናው ሊታጠፍ ነው» የሚለውን በምን ይወቅ? ርካሹ መሣሪያ ሳይለይ ሁልጊዜ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ያበራል። ይህም ማለት ሾፌሩ በድንገት ፍሬን ሲረግጥ ሙሉው መብራት እስኪበራ ጊዜ ያልፋል። ግማሽ ሰከንድ ብቻ ቢዘገይ፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚመጣ የኋላ መኪና በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ8 ሜትር በላይ ይጓዛል። ለጌጥ ሲባል የሰውን ሕይወት በ8 ሜትር ማስያዝ በእኔ አስተያየት ዕብደት ነው። የተሻለው መሣሪያ ግን መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ሦስቱንም ባንድ ጊዜ ያበራና፣ ወዲያው ጠፍቶ ተመልሶ ሲመጣ ብቻ ፍሬቻ መሆኑን ተረድቶ መከታተል ይጀምራል። የመጀመሪያዋ ብልጭታ ሳትከታተል ታልፋለች፤ ይህ ግን ምንም አይጎዳም። የሚገዛ ሰው ከዋጋው አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ይህን ነው።

ዛሬ የሚሸጠው መሣሪያ ኤል ኢ ዲ የተባሉ ጥቃቅን መብራቶች የተደረደሩበት ሰሌዳ ሲሆን፣ በቀድሞው መብራት ቤት ውስጥ ከቀይ መስተዋቱ ኋላ ይቀመጣል። ኤል ኢ ዲ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። የአምፖል ክር ግሎ ሙሉ ብርሃን እስኪሰጥ ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ይፈጅበታል፤ ኤል ኢ ዲ ግን ወዲያው ይበራል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለሚመጣ ሰው ይህች ቅጽበት 5 ሜትር ተኩል ትሆናለች።

ነገር ግን ከዚሁ ጥቅም አንድ ችግር ይወለዳል። እኔም በትምህርት ቤታችን የፊዚክስ ክፍል አንድ አሮጌ ፍላሸርና ጥቂት ኤል ኢ ዲዎች ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር አገናኝቼ ስሞክር፣ መብራቶቹ በርተው ቀሩ፤ ብልጭ ድርግም ማለት እንቢ አሉ። ሽቦዎቹን ሦስት ጊዜ ፈታሁ፣ ሦስት ጊዜ አሰርሁ። በመጨረሻ መምህራችን ቀረብ ብለው «ሽቦውን ተወውና ጣትህን ፍላሸሩ ላይ አድርግ» አሉኝ። ቀዝቃዛ ነበር። በውስጡ ያለው ከሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀ ምላስ የሚሠራው በሙቀት ነው፤ ኤሌክትሪኩ ሲያሞቀው ይታጠፍና መስመሩን ይቆርጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። የፊትና የኋላ አምፖሎች አንድ ላይ 4 አምፔር ያህል ይስባሉ፤ ምላሱ የተሠራው ለዚህ ነው። ኤል ኢ ዲ የሚስበው እጅግ ጥቂት ስለሆነ አያሞቀውም። በመኪናዋም ላይ የኋላዎቹ ብቻ ሲለወጡ ፍሬቻው ሊዘገይ ወይም ጭራሹን ሊቆም ይችላል። መድኃኒቱ ጊዜውን በራሱ የሚቆጥር ኤሌክትሮኒክ ፍላሸር መተካት ነው። የአሜሪካ ሕግ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ብልጭታ ስለሚፈቅድ፣ በሰዓት መቁጠር ይገባል።

የመግጠሙ ሥራ ራሱ ብዙ አያስቸግርም። አስቀድሞ የባትሪው ነጌቲቭ ይፈታል። የመብራቱ ቤት ከዕቃ መጫኛው ውስጥ በኩል በሚፈቱ ብሎኖች የተያዘ ነው። ሽቦዎቹን በቀለማቸው ብቻ ማመን አይገባም፤ በስልሳ ዓመት ውስጥ ስንት እጅ እንደነካቸው ማን ያውቃል? ባትሪውን ለጊዜው አገናኝቶ፣ አንድ ጓደኛ ፍሬን እየረገጠ በመሞከሪያ አምፖል አንድ በአንድ መለየት ይሻላል።

ከሁሉ የሚያደክመው «ማሳ» ነው፤ ይኸውም ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ ነው። የመብራቱ ቤት ዝጎ እንደ ሆነ መንገዱ ይዘጋል። በዚህ ጊዜ በአሮጌው አምፖል ላይ የሚታየው ነገር ያስቃል፤ ፍሬን ሲረገጥ መመለሻ ያጣው ኤሌክትሪክ በትንሹ ክር በኩል ዞሮ ሌላ መውጫ ይፈልጋል፣ ያልተጠሩት የማታ መብራቶችም ደብዘዝ ብለው ይበራሉ። ስለዚህ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ ከሰሌዳው እስከ መኪናው ብረት አንድ የራሱ ሽቦ መዘርጋት ነው። የመብራቱን ላስቲክ መለወጥም አይዘንጋ፤ አምፖሉን ያልጎዳው ውሃ ሰሌዳውን ያበላሻል።

ሥራው ሲያበቃ አንድ ሰው ከኋላ፣ አንድ ሰው ከመሪው ሆነው ፍሬን ብቻውን፣ ፍሬቻ ብቻውን፣ ሁለቱም ባንድነት፣ እነዚሁም የማታ መብራት በርቶ ይሞከራሉ። ፍሬን ተረግጦ የግራ ፍሬቻ ሲበራ ግራው መከታተል፣ ቀኙ ግን ሳይንቀሳቀስ መብራት አለበት። ይህን ፈተና በጠራራ ፀሐይም መድገም ያስፈልጋል፤ በጋራዥ ጨለማ ውስጥ ሁሉም መብራት ደማቅ ነው።

የቀድሞዎቹን አምፖሎችና ማቀፊያቸውን ግን፣ የፋብሪካውን ሽቦ ሳይቆርጡ አውጥቶ፣ ከየትኛው ወገን እንደ ወጡ ጽፎ በሣጥን ማስቀመጥ ነው፤ መኪናዋን ወደፊት የሚገዛት ሰው እንደ ተሠራች ሆና ሊፈልጋት ይችላል።