«ትንሽ ይነዝራል»፦ የአሮጌ ተሳቢ ቤቶች የኤሌክትሪክ መስመርና «መሬት» የሚለው ቃል



እ.ኤ.አ. በ1959 እና በ1960 ዋሊ ባየም የተባለ አሜሪካዊ አምራች የመራው ጉዞ ከኬፕታውን ተነሥቶ እስከ ካይሮ ዘልቋል። በመኪና የሚጎተቱት፣ ከአሉሚኒየም የተሠሩት አርባ ያህል የኤርስትሪም ተሳቢ ቤቶች በአገራችንም በኩል አልፈዋል። የዚያ ዘመን ተሳቢ ቤቶች ዛሬም በአሜሪካ በብዛት ይገኛሉ። የሚገዟቸው ሰዎች ወለሉን፣ መጋረጃውንና ቀለሙን ተጠንቅቀው ያድሳሉ፤ በግድግዳው ውስጥ የተዘረጋው ሽቦ ግን ስለማይታይ ይዘነጋል። የዛሬው ገለጻዬ ስለዚሁ ስለማይታየው ነገር ነው።

ከዓመታት በፊት ለምርምር አሜሪካ በነበርኩበት ጊዜ፣ አንድ ወዳጄ ምግብና ቡና ሊሸጥበት ያረጀ ተሳቢ ቤት ገዝቶ ነበር። ዝናብ በጣለ ማግሥት የበሩን እጀታ ስይዝ ክንዴን ነዘረኝ። ብነግረው፣ «አዎ፣ እርጥብ ሲሆን ትንሽ ይነዝራል፤ ለምደነዋል» አለኝ። ልጆቹም በሩን በእግራቸው ገፍተው መክፈትን ተምረው ነበር።

ይህ እንዴት ይሆናል? በዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ ተሳቢ ቤቶች የነበሯቸው ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው፤ ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ፌዝና የሚመልሰው ኒውትራል። ቤቱ በመንገድ ላይ ለዓመታት ሲንገጫገጭ የሽቦው ልባስ በብረት ጠርዝ ይፋቃል፤ ወይም መደርደሪያ ለመስቀል የተመታ ብሎን ሽቦውን ይወጋዋል። ያን ጊዜ ፌዙ የአሉሚኒየሙን ግድግዳ ይነካል። ቤቱ በጎማ ላይ ስለቆመ ኮረንቱ መውጫ የለውም፤ ባልቦላውም አይቃጠልም፤ መላው ቤት ግን 120 ቮልት ተሸክሞ ይቆማል። ውስጥ ያለ ሰው የሚነካው ነገር ሁሉ እኩል ቮልቴጅ ስላለው ምንም አይሰማውም። አደጋው የሚደርሰው አንድ እግሩን እርጥብ ሣር ላይ አሳርፎ በእጁ በሩን በያዘው ሰው ላይ ነው።

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ቻርልስ ዳልዚል በፈቃደኞች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ሰው የያዘውን ሽቦ በራሱ ኃይል መልቀቅ የሚችልበት የኮረንት መጠን በአማካይ ለወንዶች 16፣ ለሴቶች 10.5 ሚሊአምፒር ገደማ መሆኑን አሳይተዋል። ከዚያ በላይ ሲሆን ጡንቻ ይጨመደዳል፤ እጅም አይላቀቅም። አንድ ተራ ብሬከር የሚቋረጠው ከ15 አምፒር በላይ፣ ማለትም ከ15,000 ሚሊአምፒር በላይ ሲያልፍበት ነው። ብሬከር የተሠራው ሽቦውን ከእሳት ለመጠበቅ እንጂ ሰውን ከንዝረት ለመጠበቅ አይደለም።

እዚህ ላይ ቋንቋችን ያሳስተናል። ሦስተኛውን ሽቦ «መሬት» ወይም «ግራውንድ» ስለምንለው፣ ኤሌክትሪክ እንደ ጎርፍ ውኃ አፈር ውስጥ ሰርጎ የሚቀር ይመስለናል። አይቀርም። ኮረንት ሁልጊዜ ወደ ተነሣበት ምንጭ ይመለሳል። በአሜሪካ ተሳቢ ቤት አጠገብ የብረት ዘንግ ቀብረን ግድግዳውን ብናገናኘውና የዘንጉ ተቃውሞ 25 ኦም ቢሆን፣ 120 ለ25 ሲካፈል 4.8 አምፒር ይሆናል። የ15 አምፒር ብሬከር በዚህ አይቋረጥም፤ ግድግዳውም ኤሌክትሪክ እንደያዘ ይቆያል። ግድግዳው በመዳብ ሽቦ እስከ ምንጩ ድረስ ቢያያዝና የመንገዱ ጠቅላላ ተቃውሞ ግማሽ ኦም ቢሆን ግን 240 አምፒር ያልፋል፤ ብሬከሩም ወዲያው ይቋረጣል። ስለዚህ የሦስተኛው ሽቦ ትክክለኛ ትርጉም «የመመለሻ መንገድ» ነው።

እድሳቱ ከዚህ መርሕ ይነሣል። መጀመሪያ ቤቱ ከማንኛውም የኃይል ምንጭ ይነቀላል። የሁለት ሽቦ መስመር ይወጣና በሦስት ሽቦ ይተካል፤ በአሜሪካ ልኬት ለ15 አምፒር መስመር ቁጥር 14፣ ለ20 አምፒር ቁጥር 12፣ ለ30 አምፒር የመግቢያ ገመድ ቁጥር 10 የመዳብ ሽቦ ያስፈልጋል። ከማከፋፈያው ሳጥን የግራውንድ መያዣ ተነሥቶ የብረቱን ሻንሲና የአሉሚኒየሙን ግድግዳ የሚያገናኝ ቁጥር 8 የመዳብ ሽቦ ይታሰራል። የጋዝ ቧንቧውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል።

ብዙ ልምድ ያላቸው የቤት ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሳይቀሩ የሚሳሳቱበት አንድ ነጥብ አለ። በቤት ዋና ማከፋፈያ ላይ ኒውትራልና ግራውንድ ይገናኛሉ። በተሳቢ ቤት ውስጥ ግን ፈጽሞ መገናኘት የለባቸውም፤ የሚገናኙት ኃይሉ በሚመጣበት ቦታ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በተሳቢው ውስጥ ቢገናኙ የዘወትሩ ተመላሽ ኮረንት በቤቱ ብረት ላይም ይሄዳል። የመግቢያው ኒውትራልና ግራውንድ አንድ ቀን ቢበጠሱ፣ ወይም ስፒናው ተገልብጦ ቢሰካ፣ ግድግዳው በሙሉ ፌዝ ይሆናል።

በዚህ ላይ ጂ ኤፍ ሲ አይ የሚባለው መሣሪያ ይጨመራል። ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1961 የፈለሰፉት እኒሁ ዳልዚል ናቸው። መሣሪያው የሄደውንና የተመለሰውን ኮረንት ያነጻጽራል፤ ከ4 እስከ 6 ሚሊአምፒር የሚደርስ ልዩነት ካየ መስመሩን ይቆርጣል።

ሥራው ሲያበቃ፣ ገመዱ እንደተነቀለ፣ በመለኪያ መሣሪያ ይፈተሻል። በገመዱ የግራውንድ እግርና በበሩ እጀታ መካከል ያለው ተቃውሞ ከ1 ኦም በታች መሆን አለበት፤ በኒውትራልና በግራውንድ መካከል ግን ምንም ግንኙነት መኖር የለበትም። ከመሰካት በፊትም የሚሰካበት ሶኬት ቮልቴጅ ይለካ። የተሳቢ ቤቶች የ30 አምፒር ሶኬት 120 ቮልት ሆኖ ሳለ፣ የልብስ ማድረቂያ ሶኬት መስሏቸው 240 ቮልት የሚያገናኙበት ሠራተኞች አሉ።

የወዳጄን ቤት ስንመረምር ሽቦው አንድ ቦታ ላይ ተፍቆ፣ የመግቢያው ስፒና ሦስተኛ እግርም ተቆርጦ አገኘነው። ከማራዘሚያው ጋር ስላልገጠመ ቀደም ሲል አንድ ሰው በፒንሳ ቆርጦታል። መስመሩን ስንቀይር ንዝረቱ ቀረ፤ ልጆቹ ግን በእግር መግፋቱን ለመተው ሳምንታት ፈጀባቸው።

ይህ የሩቅ አገር ወግ ብቻ አይደለም። በከተሞቻችን ከብረት ኮንቴይነር የተሠሩ ሱቆች አሉ፤ አንዳንዶቹ ከጎረቤት በተሳበ ሁለት ሽቦ ይበራሉ። የእኛ ቮልቴጅ 220 ነው። 25 ኦም ተቃውሞ ባለው ዘንግ የሚያልፈው 8.8 አምፒር ስለሆነ የ16 አምፒር ብሬከር አይቋረጥም። እንዲህ ባለ ቦታ ከዘንጉ ጋር የ30 ሚሊአምፒር የፍሳሽ መቁረጫ መግጠም የግድ ነው።

አደራዬ አንድ ነው። ብረት «ትንሽ ይነዝራል» ሲባል ከሰማችሁ፣ መስመሩ እንዲቋረጥና እንዲመረመር አድርጉ። የዛሬው ትንሽ ንዝረት ትንሽ የሆነው ጫማችን ደረቅ ስለሆነ ብቻ ሊሆን ይችላል።