የብስክሌት መንገድ ደኅንነቱ የሚለካው በመስቀለኛ መንገድ ላይ ነው

የከተሞች መስፋፋትና የተሽከርካሪዎች መበራከት የትራንስፖርት ፍላጎትን ብቻ ሳይሆን የመንገድ አደጋንም አባብሰዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት እንዳመለከተው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 1 ነጥብ 19 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በመንገድ ትራፊክ አደጋ ሕይወቱን አጥቷል። ከሟቾቹ መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው።

በአገራችን ብስክሌት እንግዳ ነገር አይደለም። ሜዳማ በሆኑት ባሕር ዳርና ሐዋሳ ነዋሪው ለሥራ፣ ለትምህርትና ለገበያ ሲገለገልበት ቆይቷል። በአዲስ አበባ ግን የከተማዋ ዳገታማነትና የተለየ መንገድ አለመኖር ተጠቃሚውን ሲያርቁት ኖረዋል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» መርሐ ግብር፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 የሚዘልቀው የከተማዋ ሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ እንዲሁም በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ለብስክሌት ቦታ መስጠት ጀምረዋል። ይሁን እንጂ መስመሩ መኖሩ ብቻውን ደኅንነትን አያረጋግጥም።

የመጀመሪያው ጉዳይ ፍጥነት ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት፣ በ30 ኪሎ ሜትር ከሚጓዘው ጋር ሲነጻጸር ከሁለት እጥፍ ተኩል ይበልጣል። በመሆኑም ፍጥነቱ ዝቅተኛ በሆነበት የመንደር ውስጥ መንገድ ብስክሌትና መኪና አብረው ሊጓዙ ይችላሉ። ፈጣን ተሽከርካሪ በሚበዛበት ዋና መንገድ ላይ ግን የቀለም መስመር በቂ ስላልሆነ፣ የብስክሌቱ መስመር በጠርዝ ድንጋይ ወይም በተክል መለየት ይኖርበታል።

ሁለተኛው ጉዳይ መስቀለኛ መንገድ ነው። ወደ ቀኝ የሚታጠፍ መኪና በጎኑ ቀጥታ የሚሄደውን ብስክሌተኛ ሳያይ መንገዱን ሊያቋርጥበት ይችላል። ለዚህም የመታጠፊያውን ማዕዘን ማጥበብ ሾፌሩ ፍጥነቱን እንዲቀንስ ያስገድደዋል። የመኪኖችን መቆሚያ መስመር ከብስክሌቶች ኋላ ማድረግ ደግሞ ብስክሌተኛው አስቀድሞ እንዲታይ ይረዳዋል።

ሦስተኛው የመስመሩ አለመቆራረጥ ነው። የቆመ መኪና፣ የተከመረ የግንባታ ቁሳቁስ ወይም ክፍት የፍሳሽ ቦይ ብስክሌተኛውን በድንገት ወደ መኪኖች መሐል ያስገባዋል። በዚህም ምክንያት በተለይ ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን አገልግሎቱን ይሸሹታል። መስመሩ ትምህርት ቤትን፣ ገበያንና የአውቶቡስ መቆሚያን ሲያገናኝ፣ በየመዳረሻውም አስተማማኝ የብስክሌት ማቆሚያ ሲኖር፣ ዳገቱን በአውቶቡስ ወይም በባቡር፣ ቀሪውን በብስክሌት መጓዝ ይቻላል።

ፋይዳው ለብስክሌተኛው ብቻ የሚተው አይደለም። ነዳጇን ከውጭ ለምታስገባ አገር፣ በብስክሌት የሚሸፈን እያንዳንዱ አጭር ጉዞ የውጭ ምንዛሪ ያድናል፤ የከተማ አየርንም ከጭስ ይታደጋል። አቅሙ ዝቅተኛ ለሆነው ነዋሪም የዕለት የትራንስፖርት ወጪውን ይቀንስለታል።

ስለሆነም የከተማ አስተዳደሮች የብስክሌት መንገድን በኪሎ ሜትር ብዛት ብቻ ሳይሆን በአገልግሎቱ ሊመዝኑት፣ የትራፊክ ፖሊስም መስመሩን ከቆሙ መኪኖች ሊጠብቀው ይገባል። አንድ ተማሪ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለ ስጋት ደርሶ መመለስ ሲችል፣ መንገዱ በእርግጥ የታለመለትን ዓላማ አሳክቷል ማለት ይቻላል።