ጤናማ እርግዝና ከኤች አይ ቪ ጋር (ሸዋ ሮቢትና ይፋት ቆላ)

ኤች አይ ቪ በደሟ ውስጥ የሚገኝ ሴት ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ከወሰደች ማርገዝ፣ በምጥ መውለድና ልጇን ጡት ማጥባት ትችላለች፤ ልጁም ከቫይረሱ ነጻ ሆኖ ሊያድግ ይችላል። ምንም ዓይነት ሕክምና ካልተደረገ ቫይረሱ በእርግዝና፣ በምጥ ወይም በጡት ወተት አማካኝነት ወደ ልጁ የመተላለፍ ዕድሉ ከ15 እስከ 45 በመቶ ነው። በሕክምና ግን ጡት ለሚጠቡ ሕፃናት እንኳ ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል።

አካባቢው

ሸዋ ሮቢት በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ 225 ኪ.ሜ. ገደማ ላይ ትገኛለች። መንገዱ ከጣርማ በር ደብረ ሲናን አልፎ ሲወርድ ደጋው ያበቃና ማሽላና ማሾ የሚበቅልበት የይፋት ቆላ ይጀምራል። የአካባቢው ሕዝብ አማራ፣ አርጎባና ኦሮሞ፣ ክርስቲያንና ሙስሊም ነው። ከተማዋ የከባድ መኪና ሾፌሮች ማረፊያና የቀን ሠራተኞች መናኸሪያ ናት። በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን እ.ኤ.አ. በ1986 ከታወቁ በኋላ የተደረጉት ቀደምት ጥናቶችም ያተኮሩት በእንደዚህ ዓይነት አውራ ጎዳናዎች ላይ በሚመላለሱ ሾፌሮችና በመንገድ ዳር ከተሞች በሚኖሩ ሴቶች ላይ ነበር። ይህ አነጋገር ግን አንድ ጉዳት አስከትሏል። በሽታው የሾፌርና የቡና ቤት ነው ተብሎ ስለታሰበ፣ በገጠር ቀበሌ በትዳር የምትኖር ነፍሰ ጡር ለመመርመር ምክንያት የላትም ተብላ ቆይታለች።

ሕክምናው እንዴት መጣ

እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካና በፈረንሳይ የተካሄደ ጥናት ዚዶቩዲን የተባለው መድኃኒት ከእናት ወደ ልጅ መተላለፍን በሁለት ሦስተኛ እንደሚቀንስ አሳየ። በ1999 ደግሞ በኡጋንዳ የተደረገ ጥናት በምጥ ጊዜ ለእናት አንድ የኔቪራፒን እንክብል፣ ለሕፃኑም አንድ ጠብታ መጠን መስጠት በርካሽ ዋጋ ብዙ ሕፃናትን እንደሚያድን አረጋገጠ። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የመከላከያ መመሪያ በ2001 አወጣች። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ2005 (ጥር 1997 ዓ.ም.) ነው።

የአንዷ እንክብል ዘመን ልጁን ቢያተርፍም እናቲቱን አላከመም። ለልጇ ተብሎ መድኃኒት የተሰጣት ሴት ለራሷ ሕመሟ እስኪበረታ ትጠብቅ ነበር። ይህን የለወጠው እ.ኤ.አ. በ2011 ማላዊ የጀመረችውና ኢትዮጵያ በ2013 ተግባራዊ ያደረገችው ኦፕሽን ቢ ፕላስ የተባለው አሠራር ነው። በዚህ መሠረት ነፍሰ ጡሯ ቫይረሱ እንዳለባት በታወቀበት ቀን፣ የሲዲ4 ቁጥር ሳይጠበቅ፣ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ሕክምና ትጀምራለች።

ከእርግዝና በፊት

የተሻለው ጊዜ የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ ከደረሰና እዚያው ከቆየ በኋላ ማርገዝ ነው። በዚህ ደረጃ ያለች ሴት ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለባሏ አታስተላልፍም። ባልየው ነጻ ሆኖ የእሷ መጠን ገና ካልወረደ፣ ለእሱ የሚሰጥ ቅድመ መከላከያ መድኃኒት አለ። እስከዚያ ድረስ እርግዝናን ለማዘግየት የምትፈልግ ሴት የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት ማግኘት ትችላለች።

በእርግዝና ወቅት

በመጀመሪያው የቅድመ ወሊድ ክትትል ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝና ሄፓታይተስ ቢ አብረው ይመረመራሉ። የአሁኑ ዋና መድኃኒት ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር በአንድ እንክብል የተጣመሩበት ሲሆን በቀን አንድ ጊዜ ይዋጣል። ዶሉቴግራቪር እ.ኤ.አ. በ2018 ከቦትስዋና በመጣ ቅድመ መረጃ ምክንያት በጽንስ አከርካሪ ላይ ጉዳት ያመጣል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። የተመዘገቡት ወሊዶች ሲበዙ ግን ስጋቱ እየቀነሰ ሄደ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ልጅ መውለድ ለሚችሉ ሴቶች ጭምር እንዲሰጥ መክሯል።

ከዚህ እንክብል ጋር ተያይዞ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የብረት እንክብል ጉዳይ ነው። ለደም ማነስ መከላከያ ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው ብረት፣ እንዲሁም ካልሲየም፣ በባዶ ሆድ ከዶሉቴግራቪር ጋር ከተወሰደ መድኃኒቱ ወደ ሰውነት በደንብ እንዳይገባ ያግዳል። ከምግብ ጋር ከሆነ ሁሉም አብረው ቢወሰዱ ችግር የለም። በባዶ ሆድ ከሆነ ዶሉቴግራቪሩ ከብረቱ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይወሰዳል። በጾም ወራት ጠዋት በባዶ ሆድ ሁለቱንም የምትውጥ ሴት መድኃኒቷን በሰዓቱ እየወሰደች ጥቅሙን ልታጣ ትችላለች። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሰዓቱን ወደ ማታ፣ ከእራት ወይም ከማፍጠሪያ ጋር ማዛወር ይቻላል። በእስልምና ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ሴት ጾም እንድትፈታ መፈቀዱም ይታወቃል።

ጠበልም ብዙ ሴቶች መድኃኒት ያቋረጡበት ምክንያት ሆኖ ቆይቷል። አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ምእመናን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ በይፋ ማስተማራቸው ለጤና ባለሙያዎች ትልቅ እገዛ ነበር።

ይፋት ቆላን ከደጋው የሚለየው ወባ ነው። ኤች አይ ቪ ያለባት ነፍሰ ጡር በወባ ስትያዝ ሕመሙ ይበረታባታል፣ ደሟ ይቀንሳል፣ የወባው ተውሳክም በእንግዴ ልጅ ውስጥ ተከማችቶ ሕፃኑ ክብደቱ ዝቅ ብሎ እንዲወለድ ያደርጋል። ከክረምቱ ማብቂያ በኋላ፣ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ በአጎበር መተኛትና ትኩሳት በታየበት ቀን መመርመር ያስፈልጋል። ኮትሪሞክሳዞል (ባክትሪም) የምትወስድ ሴት ከወባም በከፊል ትጠበቃለች፤ ነገር ግን በዚያ ላይ ፋንሲዳር አይጨመርም፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር ስላላቸው። በቆላው የተለመደው ጫት የሕፃኑን ክብደት ከሚቀንሱ ነገሮች አንዱ ነው።

የመድኃኒት መቋረጥ ሌላው አደጋ ነው። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ በተቃጠለችበትና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት በደረሰበት ጊዜ ነዋሪው ቤቱን ትቶ ሸሽቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ የክትትል ካርዱን ወይም የመድኃኒቱን ብልቃጥ መያዝ ይጠቅማል፤ ሌላ ከተማ ያለ ጤና ተቋም የሚወሰደውን መድኃኒት ለይቶ ለመቀጠል ይችላል። ካርድ የጠፋባት ሴት ግን ካርድ ስለሌላት ብቻ መቅረት የለባትም።

ምጥና ወሊድ

ኤች አይ ቪ ብቻውን የቀዶ ሕክምና ወሊድ ምክንያት አይደለም። የቫይረሱ መጠን ዝቅ ያለ ከሆነ በምጥ መውለድ ይመከራል። አዋላጆች የእንሽርት ውሃ ያለ ምክንያት ከማፍረስና ከመቅደድ ይቆጠባሉ። ከጤና ተቋም ርቃ የምትኖር ሴት ቀኗ ሲቃረብ የእናቶች ማቆያ ባለበት ጤና ጣቢያ መቆየት ትችላለች። ከበድ ያለ ችግር ሲያጋጥም ሪፈር የሚባለው 95 ኪ.ሜ. ያህል ሽቅብ ወደ ደብረ ብርሃን ስለሆነ፣ ጉዞው በምጥ ላይ ላለች ሴት ቀላል አይደለም።

ማጥባት

መድኃኒቷን የምትወስድ እናት እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያ በኋላ ተጨማሪ ምግብ እየጀመረች ማጥባቷን ትቀጥላለች። አደገኛው የጡት ወተትን ከሌላ ነገር ጋር መደባለቅ ነው። ለአራስ ሕፃን ቅቤ ማዋጥ፣ የአብሽ ውሃ ወይም ስኳር በውሃ መስጠት፣ ቴምር ማቅመስ በአካባቢው የፍቅር ምልክት ነው። ይሁን እንጂ ገና ያልጠነከረውን የሕፃኑን አንጀት ይጎዳና ለቫይረሱ በር ይከፍታል። አያቶች ባሉበት ቤት ይህን ብቻዋን መከልከል የሚከብዳት እናት፣ በተለይ ምርመራዋን ለማንም ካልነገረች፣ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ምክሩን ለሁሉም አራስ እንደሚሰጥ አድርጋ ለቤተሰቡ ብትናገርላት ምስጢሩ አይወጣም። በእርግጥም ምክሩ ለሁሉም ነው። ጡቷ የቆሰለ ወይም ያበጠ እናት ቶሎ መታከም አለባት።

የሕፃኑ ክትትል

ሕፃኑ እንደተወለደ የኔቪራፒን ሽሮፕ ይጀመርለትና ለ6 ሳምንት ይሰጠዋል። እናቱ ሕክምና የጀመረችው ከወሊድ በፊት ባሉት 4 ሳምንታት ውስጥ ከሆነ ወይም የቫይረሱ መጠን ከፍተኛ ከነበረ፣ ሁለት መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ይሰጣል። በ6 ሳምንቱ ኮትሪሞክሳዞል ይጀምራል።

የመጀመሪያው ምርመራ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ከተረከዝ በሚወሰድ የደም ጠብታ ይሠራል። ተራው ፈጣን ምርመራ በዚህ ዕድሜ አያገለግልም፤ የሚያየው ከእናቱ የወረሰውን ፀረ እንግዳ አካል ስለሆነ። አራስ ከቤት በማትወጣበት ልማድ ይህ ቀጠሮ በቀላሉ ያልፋል፤ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና ሲነሳ ሴት ልጅ ግን በ80 ቀኗ ነው፤ እስከዚያ መጠበቅ ለምርመራው ዘግይቷል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ከ45 ቀን ክትባት ጋር እንዲገጥም ይደረጋል። ውጤቱ ቫይረሱ እንዳለበት ካሳየ ሕፃኑ ማረጋገጫው እስኪመጣ ሳይጠበቅ በዚያው ሕክምና ይጀምራል። ነጻ ከሆነ ደግሞ በጡት እስካለ ድረስ ክትትሉ ይቀጥላል፤ የመጨረሻው ምርመራ የሚደረገው ሕፃኑ 18 ወር ሲሞላውና ማጥባት ካቆመች ቢያንስ 6 ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው።