ዘመነ ማን ነው? ኮድ ይጠየቅ

ፕሮግራሚንግ ከየት ልጀምር ለሚሉኝ ሰዎች የምሰጠው የመጀመሪያ ሥራ ከዘመን መቁጠሪያችን ቀመር ከባሕረ ሐሳብ የተወሰደ ነው። ሁሉንም አይደለም፤ አንዲት ስሌት ብቻ።

ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሉ። ቀሪው 1 ከሆነ ዓመቱ ዘመነ ማቴዎስ ነው፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ። በፓይተን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ቀሪን የሚያወጣው የፐርሰንት ምልክት ነው። አራቱን ስሞች በተርታ አስቀምጡ፤ ፓይተን መቁጠር የሚጀምረው ከ0 ስለሆነ ዮሐንስ ፊት ይቆማል። 2015ን አስገቡ፦ ቀሪው 3፣ ሉቃስ። ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ነው፤ እውነትም ያን ዓመት 6 ቀን ነበረች!

የሊቃውንቱን ቀመር ሁለት ሦስት መስመር ኮድ ሲሠራው ማየት እኔን እስካሁን ያስደስተኛል። ደግሞም ፓይተን 3 ስያሜዎችን በፊደላችን እንድንጽፍ ይፈቅዳል፤ «ዓመት» ብትሉት አያጉረመርምም። (መሥሪያ ቤት ውስጥ ግን አልመክርም፤ ባልደረባ ያኮርፋል።)

አንዴ ከሠራላችሁ እጃችሁ አያርፍም። መስከረም 1 በየትኛው ዕለት ይውላል? ፋሲካስ? ፋሲካው ይከብዳል፤ አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉ የባሕረ ሐሳብ ስሌቶች ይገቡበታል። ኮምፒውተር የለኝም ብላችሁ አትቆዩ፤ ፓይተን ስልክ ላይም ይሠራል። 2019ን አስገቡና ያወጣላችሁን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።